መስኮቱን ዝጉልን! (ነፋስ አገር ስለሠራበት ዘመን)

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የሚነሱት ጠቦች ሁለት ናቸው፤ የመልስና የመስኮት። የመልሱን ረዳቱ ይፈታዋል፤ ካልፈታውም ይዞት ይሄዳል። የመስኮቱ ግን መፍትሔ ኖሮት አያውቅም። እኔ ከከፋቾቹ ወገን ነኝ። ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ስመጣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና ‹‹ልጄ፣ እባክሽ ዝጊልኝ፤ ነፋሱ ሊገድለኝ ነው›› አሉኝ። ዘጋሁላቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ‹‹አቧራውስ ብትይ!›› አሉ፤ ለእኔም ለራሳቸውም በሚመስል ድምፅ።

ሳቄ መጣ። በሳቸው አይደለም። ቦርሳዬ ውስጥ አትሜ የያዝኩት ጽሑፍ ስለ ነፋስና አቧራ ስለነበር ነው። ያውም ስለ መገናኛ አቧራ ሳይሆን ከሃያ ሺህ ዓመት በፊት ስለነፈሰው።

መቼም ‹‹የበረዶ ዘመን›› ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በ2002 የወጣው ‹‹አይስ ኤጅ›› የተባለው የካርቱን ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ መለወጡን ለእናንተ ትቼዋለሁ)። በረዶ፣ ፀጉራም ዝሆን፣ ከዚያ ደግሞ በረዶ። በረዶው እውነት ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን እጅግ በበረታበት ጊዜ፣ ማለትም ከ26,000 እስከ 19,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ ካናዳ ላይ የተጋደመው በረዶ አንዳንድ ቦታ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍር ነበር። ከበረዶው ውጪ ያለው ዓለምስ ምን ይመስል ነበር? ይህን ፊልሙ አይነግረንም። ደረቅ ነበር። ደረቅና አቧራማ። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ አቧራ ነው፤ በተለይም አቧራው ተከምሮ ስለሠራው፣ ኋላም ሕዝብ ስለኖረበትና ስላለቀበት አንድ የቻይና ምድር።

ለምን ደረቀ? ብዙው ውሃ በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ስለታሰረ የባሕሩ ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻው ከመሀል አገር ይርቃል። የቀዘቀዘ ባሕር ደግሞ ብዙ አይተንም፤ ያልተነነ ውሃ ዝናብ አይሆንም። ዝናብ ሲጠፋ ሣሩ ይሳሳል፤ ሣር የለቀቀው መሬት ለነፋስ የተከፈተ ቤት ነው። በዚህ ላይ በበረዷማውና በሞቃቱ ምድር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሰፋ በብዙ ቦታ ነፋሱ ራሱ በርትቷል።

ግግር በረዶው ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ወፍጮ ነው። በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ዓለት ይፈጨዋል። ሙቀት ሲመጣ ቀልጦ የሚወርደው ውሃ ያንን የዓለት ዱቄት ተሸክሞ ሰፊ ሜዳ ላይ ያሰጣዋል። ብርዱ ሲመለስ ወንዙ ይጎድላል፣ የተሰጣው ዱቄት ይደርቃል፣ ነፋስ ይነሳል። በርበሬ አስጥታ ነፋስ የመጣባትን እናት ሩጫ አይታችሁ ይሆናል። እዚያ ግን የሚሮጥም የሚሰበስብም አልነበረም።

‹‹እኛስ?›› ለምትሉ፣ እኛም አልተረፍንም። የሰሐራ በረሃ ከዛሬው ድንበሩ ወደ ደቡብ አራትና አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገፍቶ ነበር። ዛሬ ሣርና ግራር በቅሎባቸው ከብት የሚሰማራባቸው የሳህል ጉብታዎች፣ የሱዳኑ ኮርዶፋን ጭምር፣ ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ ደረቅ ዘመን ነፋስ የከመራቸው አሸዋ ናቸው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ደርቋል፤ ነጭ ዓባይም ከዚያ የሚያገኘው ውሃ ተቋርጦበታል። ጣናም ደርቋል! አዎ፣ የእኛው ጣና። የበረዶው ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከሐይቁ ወለል ሥር ጭቃ ቆፍረው ያወጡ ተመራማሪዎች ይህንን በ2007 አሳትመውታል። ጣና ያለ ውሃ ምን ይመስል እንደነበር ለማሰብ ሞክሬ አቃተኝ። እናንተም ሞክሩት።

ወደ አቧራው ልመለስ። አውድማ ላይ እህል ሲነፈስ ያየ ሰው ነፋስ እንዴት እንደሚለይ ያውቃል፤ ፍሬው እዚያው ይወድቃል፣ ገለባው ራቅ ይላል፣ እብቁ ይጠፋል። በረሃ ላይም እንዲሁ ነው። አሸዋ ከባድ ስለሆነ ከመሬት ብዙ አይነሳም፤ እየነጠረ ይሄድና ከበረሃው ብዙም ሳይርቅ ይከመራል። ሲነጥር ግን መሬቱን እየደበደበ ከሱ የደቀቀውን ወደ ላይ ያስነሳል። እጅግ የላመው ውቅያኖስ ተሻግሮ ይሄዳል። ከአሸዋው የሚደቅ፣ ከላመው የሚሻክር፣ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ መካከለኛ ዱቄት አለ። እሱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ሣር ያለበት ቦታ ሲደርስ ይወርድና እዚያው ይቀራል። በላዩ ሌላ ይወርዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ። ሃምሳ ሺህ ዓመት እንዲህ ቀጥሉ።

የዚህ አፈር ስም ሎስ ይባላል። ቃሉ የጀርመን ነው። በራይን ወንዝ አካባቢ ያሉ ሰዎች ይህን ብጫ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ አፈር የሚጠሩበትን ስም የሃይደልበርጉ ፕሮፌሰር ካርል ቄሳር ፎን ሌዎንሃርድ በ1820ዎቹ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። ከየት እንደመጣ ግን ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱን አጨቃጭቋል። አብዛኞቹ ‹‹ውሃ ያመጣው ነው›› ይሉ ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ይህን ሁሉ አፈር ነፋስ ተሸክሞ አመጣው ቢላችሁ እናንተስ ታምናላችሁ? ቻይናን ያየው አሜሪካዊው ራፋኤል ፓምፔሊም የጥንት ሐይቆች ደለል ነው ብሎ ነበር።

ከዚያ ፈርዲናንድ ፎን ሪሽትሆፈን መጣ። ይህ ጀርመናዊ ከ1868 እስከ 1872 ቻይናን ሲዞር ከርሞ በ1877 ባሳተመው መጽሐፍ ‹‹ነፋስ ነው›› አለ። ማስረጃዎቹ ደስ ይላሉ፤ ማንም ዓይን ያለው ሰው ሊያያቸው የሚችሉ ናቸውና። አንደኛ፣ የሐይቅ ደለል እንደ እንጀራ ይነባበራል፤ ሎስ ግን ንብብር የለውም። ሁለተኛ፣ በውስጡ የሚገኙት ቀንድ አውጣዎች የውሃ ሳይሆኑ የየብስ ናቸው። ሦስተኛ፣ ከላይ እስከ ታች የሣር ሥር ትቶት የሄደው ቀጭን ቀዳዳ ሞልቶበታል፤ ሐይቅ ሥር ሣር የለም። ደግሞ ሎሱ ሸለቆም ተራራም ሳይመርጥ እንደ ብርድ ልብስ ሁሉንም ሸፍኗል። ፓምፔሊ ኋላ ላይ ተሸንፎ አምኖለታል፤ በሊቃውንት ዘንድ ብዙ የማይታይ ጨዋነት ነው። የሚገርመኝ ግን ሪሽትሆፈን ዛሬ የሚታወሰው በዚያው ዘመን ‹‹የሐር መንገድ›› የሚለውን ስም ታዋቂ በማድረጉ መሆኑ ነው። ሐሩ አቧራውን ጋረደው።

የቻይናው የሎስ አምባ በቢጫ ወንዝ መካከለኛ ክፍል ያለ፣ ከ600,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ምድር ነው፤ የኢትዮጵያን ግማሽ ይበልጣል። የአፈሩ ውፍረት በብዙ ቦታ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ላንዡ ከተማ አጠገብ ከ300 ሜትር ያልፋል። የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንፃ 209 ሜትር ነው። ስለዚህ ሕንፃውን እዚያ ብታቆሙትና አቧራ ብትደፉበት ጫፉ እንኳ አይታይም። ይህ ሁሉ ከሰሜንና ከምዕራብ በረሃዎች በነፋስ የመጣ ነው።

ሪሽትሆፈን ‹‹ማን አመጣው›› የሚለውን መለሰ። ‹‹መቼ›› የሚለውን የመለሰው ሌላ ሰው ነው፤ ሊዩ ዶንግሼንግ። በ1917 ተወልዶ በ2008 ያረፈ ቻይናዊ ጂኦሎጂስት ሲሆን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሎሱን አምባ እየዞረ ገደል ሲያነብ ኖሯል። ‹‹ሲያነብ›› ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ሉዎቹዋን በሚባል ቦታ ወንዝ ሰንጥቆት የቆመ፣ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሎስ ገደል አለ። ከሩቅ ስታዩት ብጫና ቀላ ያለ መቀነት እየተፈራረቀበት ይወርዳል። ብጫው ነፋስ በረትቶ አቧራ በብዛት የወረደበት ቀዝቃዛና ደረቅ ዘመን ነው። ቀላ ያለው ዝናብ ተመልሶ ሣር የበቀለበት፣ አቧራው የቀነሰበትና መሬቱ ወደ ለም አፈርነት የተቀየረበት ሞቃት ዘመን ነው። ያኔ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ የበረዶ ዘመን አራት ጊዜ ብቻ መጣ ይባል ነበር። የሊዩ ገደል ግን ደጋግሞ፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ይላል።

ዕድሜውን ለማወቅ ማግኔት ረዳ። አቧራው ውስጥ ብረት ያለባቸው ቅንጣቶች አሉ፤ ሲያርፉ እንደ ኮምፓስ መርፌ የዘመናቸውን ሰሜን ያመለክታሉ። የምድር ማግኔት ደግሞ በታሪኳ ሰሜንና ደቡቡን ብዙ ጊዜ ቀያይሯል፤ የመጨረሻው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሊዩና የስዊዘርላንዱ ፍሪድሪክ ሄለር ከሉዎቹዋን ገደል ናሙና ወስደው ቅንጣቶቹ የት ላይ እንደተገለበጡ ፈልገው አገኙና ውጤቱን በ1982 አሳተሙ። የሎሱ ሥር ወደ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። መቀነቶቹም ከጥልቅ ባሕር ወለል ከወጣው የሙቀትና የብርድ መዝገብ ጋር ገጠሙ። ሊዩ በ2002 የታይለር ሽልማትን ከአሜሪካዊው ዋላስ ብሮከር ጋር ተካፈለ። ዕድሜው 84 ነበር። አቧራ ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ያ ነፋስ ቻይና ላይ ብቻ አላራገፈም። በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ የተገኘው የዚያ ዘመን አቧራ በኬሚካል ሲመረመር የምሥራቅ እስያ በረሃ አቧራ ሆኖ ተገኝቷል። በአንታርክቲካ 800,000 ዓመት ወደኋላ የሚሄድ በረዶ ተቆፍሮ ሲታይ በቀዝቃዛዎቹ ዘመናት የወረደው አቧራ ከሞቃቶቹ እስከ 25 እጥፍ ይደርሳል፤ እሱ ደግሞ በብዛት ከደቡብ አሜሪካ፣ ከፓታጎኒያ የመጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አለ። አሜሪካዊው የባሕር ሳይንቲስት ጆን ማርቲን በ1990 እንዳለው፣ አቧራው ውስጥ ያለው ብረት በደቡቡ ውቅያኖስ ላሉ ጥቃቅን ዕፅዋት ማዳበሪያ ሆኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እንዲስቡ አድርጓል፤ ይህም ብርዱን አባብሷል። ድርሻው ምን ያህል ነው የሚለው ያከራክራል እንጂ መሠረተ ሐሳቡ ቆሟል። ብርድ አቧራ ይወልዳል፣ አቧራ ብርድ ይወልዳል።

አሁን ወደ ሰዎቹ።

ሎስ ለገበሬ ገነት ነው። ድንጋይ የለበትም፣ በእንጨት ማረሻ ይታረሳል፣ ማዕድኑ አልታጠበም። የቻይና ጥንታዊ እርሻ ማሽላ መሰል ጥቃቅን እህሎች እየዘራ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው አምባ ነው። ለድሃ ደግሞ ቤት ነው። ሎስ ሲቆረጥ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቅንጣቶቹን የኖራ ዘር የሆነ ነገር አጣብቋቸዋል። እንጨት በሌለበት አገር አካፋ ያለው ሰው ገደሉን ፈልፍሎ ቤት ይሠራል። ያኦዶንግ ይሉታል። በብርድ ይሞቃል፣ በሙቀት ይቀዘቅዛል፣ ኪራይ የለውም። ማኦ ዜዱንግ በያን አን ሳለ የኖረው በእንዲህ ያለ ቤት ነው። ሺ ጂንፒንግም በወጣትነቱ ከ1969 ጀምሮ ወደ ገጠር ተልኮ በያኦዶንግ ውስጥ ዓመታት አሳልፏል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን እንኳ እንዲህ የሚኖረው ሰው በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር።

ጣጣው ግን እዚያው ቤቱ ውስጥ አለ። ነፋስ ቀስ ብሎ የደረደረው አፈር ጥቅጥቅ ያለ አይደለም፤ በቅንጣቶቹ መሀል ባዶ ቦታ አለ። ያችን ቀጭን ሙጫ ውሃ ካሟሟት ወይም መሬት ካናወጣት፣ መቶ ሺህ ዓመት የቆመው ግድግዳ በቅጽበት ዱቄት ይሆናል።

ጥር 23 ቀን 1556 ሌሊት፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በሻንሺ ግዛት መሬት ተንቀጠቀጠች። ሰዉ በየዋሻው ተኝቷል፤ ብርድ ነው፣ በሩ ተዘግቷል። የቻይና መዛግብት የሟቹን ቁጥር 830,000 ያህል ብለው አስፍረውታል። በሰው ልጅ ታሪክ ከተመዘገቡት የመሬት መንቀጥቀጦች ሁሉ ብዙ ሰው የጨረሰው ይኸው ነው። ከመንቀጥቀጡም በላይ ትልቁ ገዳይ በላያቸው የተናደው ሎስ ነበር። ቁጥሩን ሳነበው ቆም አልኩ። ጋዜጠኝነት ስንማር ‹‹ቁጥር ብቻውን ዜና አይደለም፤ ሰው ፈልጉ›› ይሉን ነበርና ሰው ፈለግሁ። አንድ አገኘሁ፤ ከአደጋው የተረፈ ቺን ከዳ የሚባል ምሁር። ያየውን ከጻፈ በኋላ ምክር ጨመረ፦ መሬት ስትንቀጠቀጥ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለመሮጥ አይቸኩል፤ ባለበት ዝቅ ብሎ ይጠብቅ። ከዚያ ሁሉ ሬሳ መሀል ወጥቶ ለማያውቃቸው፣ ገና ላልተወለዱ ሰዎች ምክር መጻፍ! ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች ‹‹ጠረጴዛ ሥር ግቡ›› ሲባሉ የሚሰሙት የዚያን ዘመድ ነው።

ከዚያስ ሰዉ አገሩን ጥሎ ሄደ? አልሄደም። የት ይሂድ? ዋሻውን መልሶ ቆፈረ። ታኅሣሥ 16 ቀን 1920 ደግሞ ሃይዩዋን በሚባለው ቦታ ሌላ መንቀጥቀጥ መጣ። ከ200,000 በላይ ሰው ሞተ፤ እጅግ ብዙው የተቀበረው በተናደ ሎስ ነው። ሙሉ ኮረብቶች ተነቅለው ሸለቆ ለሸለቆ እንደ ውሃ ፈሰሱ፣ በመንገዳቸው ያገኙትን መንደር ዋጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ አደጋው ያወጣውን ጽሑፍ ‹‹ተራሮቹ የተራመዱበት›› ብሎ ነው የሰየመው።

ሰዎቹን የገደላቸው መንቀጥቀጡ ነው ወይስ ድህነቱ? ወይስ የሃያ ሺህ ዓመት ነፋስ? የመጀመሪያውን ብቻ መመለስ ቀላል ነው፤ መዝገቡም የሚለው እሱን ነው። እኔ ግን ሦስቱንም እላለሁ። እንጨት መግዛት የሚችለው ከእንጨት ሠራ፤ ያልቻለው አቧራውን ቆፍሮ ገባ።

ሎስ የሚቀብረው ግን ሁልጊዜ እየገደለ አይደለም። አውሮፓም በሰሜኑ በረዶና በአልፕስ በረዶ መካከል የራሷ የሎስ መቀነት አላት፤ በዚያ ቀዝቃዛ ሜዳ ደግሞ ፀጉራሙን ዝሆን የሚያድኑ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሰፈራቸውን ለቀው ሲሄዱ አቧራው ሳይነካካ፣ ሳይጎትት፣ ሳያጥብ በላዩ ይወርድበታል። ጎርፍ ቢሆን ኖሮ ጠራርጎት በሄደ። በቼክ ሪፐብሊክ፣ ዶልኒ ቬስቶኒትሰ በተባለ ቦታ፣ በ1925 አመድ ውስጥ አንዲት 11 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የሴት ምስል ተገኘች። ዕድሜዋ ከ25,000 ዓመት በላይ ነው። የዚያ ሰፈር ሰዎች ሸክላቸውን የሚሠሩት ከደጃቸው ሎስ አቡክተውና ተኩሰው ነበር፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት የተተኮሱ ምስሎች ቀዳሚዎቹ የነሱ ናቸው። ምስሏ ጀርባ ላይ የጣት አሻራ አለ። የልጅ ጣት ነው። ሳይደርቅ እንዳትነካው ተብሎ የነካ ልጅ ይሆን? እንዲህ ባስብ ማን ይከለክለኛል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በኦስትሪያ ክሬምስ ከተማ ዳኑብ ወንዝ አጠገብ፣ በ2005 ሌላ ነገር ወጣ። ከብዙ ሜትር ሎስ ሥር የዝሆን ትከሻ አጥንት እንደ ክዳን ተቀምጧል። አጥንቱ ሲነሳ አቧራው ያልሞላው ትንሽ ክፍት ቦታ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ጎን ለጎን ተኝተዋል። 31,000 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ቀይ አፈር ተነስንሶባቸዋል፤ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ከ50 የሚበልጡ ዶቃዎችም አብረው ተቀብረዋል። በ2020 የታተመው የዲኤንኤ ምርመራ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች መሆናቸውን አረጋገጠ። አንደኛው የሞተው ሲወለድ ወይም ወዲያው ነው። ሁለተኛው ስድስት ሰባት ሳምንት ኖሯል። ስለዚህ ያ ክዳን ሁለት ጊዜ ተነስቷል ማለት ነው፤ እናት ወይም አባት ወይም አያት ተመልሰው መጥተው፣ አቧራውን በእጃቸው ገፍተው፣ አጥንቱን አንስተው፣ ሁለተኛውን ከወንድሙ አጠገብ አስተኝተው መልሰው ከድነዋል።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ መንፈሱን አላቆመም።